የውርስ ቤትና ወራሹ፤ በሱንድቦርን የታደሰ አንድ የገጠር ቤት ታሪክ

ከወላጅ የሚወረስ ቤት ከሌላው ውርስ የተለየ ጠባይ አለው። ገንዘብ ተቈጥሮ፣ ከብት ተነድቶ፣ መሬት በገመድ ተለክቶ ይከፈላል። ቤትን ግን ጣሪያውን ለታላቁ፣ ግድግዳውን ለታናሹ ብሎ ማካፈል አይቻልም። ወራሾቹ በከተማ ሥራና ኑሮ ይዘው፣ ቤቱ በገጠር የቀረ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰውን ይከብዳል። ጥሎ መተው ያሳዝናል፤ አፍርሶ እንደገና መሥራት ገንዘብ ይፈጃል፤ እንዳለ ማቆየት ዕውቀት ይጠይቃል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው መካከለኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ቤቱን አድሶ በበዓልና በዕረፍት ጊዜ የሚሰባሰብበት ማድረግ ነው።

ይህ ምርጫ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቀለም ይቀባል፣ ወለል ይነጠፋል፣ መስኮት ይሰፋል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል ተብሎ ይታሰባል። ለሕንፃ ባለሙያ ግን ጥያቄው ከዚህ የጠለቀ ነው። በየቀኑ እሳት እየነደደበት፣ በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ ሰው እየኖረበት እንዲቆም የተሠራ ቤት በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚጐበኝ ሲሆን አገልግሎቱ ተለውጧል። አገልግሎቱ የተለወጠ ሕንፃ የሚያገኘው ሙቀትና የሚደርስበት እርጥበትም አብሮ ይለወጣል። ቤቱን የሚያቆመውም ሆነ የሚጥለው የዚህ ለውጥ አያያዝ ነው።

የነገሩን ታሪክ ለመረዳት ከሚያገለግሉት ምሳሌዎች አንዱ በስዊድን አገር፣ በዳላርና አውራጃ፣ በሱንድቦርን መንደር የሚገኘው ሊላ ሂትኔስ የተባለው ቤት ነው። ይህ ቤት ከዘመድ ወደ ዘመድ የተላለፈ፣ የአንድ ቤተሰብ የበጋ ማረፊያ እንዲሆን የታደሰ፣ በኋላም የአንድን አገር የቤት አሠራርና አያያዝ አመለካከት የለወጠ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቦታውና አሮጌው ቤት

ሱንድቦርን ከፋሉን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ፋሉን ለብዙ መቶ ዓመታት የመዳብ ከተማ ነበረች። ማዕድኑን የሚጠቅሰው ጥንታዊ ሰነድ በ1288 የተጻፈ ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ከምትጠቀምበት መዳብ ብዙው ይወጣ የነበረው ከዚያ ነው። በ1687 የማዕድኑ ጉድጓዶች ተደርምሰው ዛሬም የሚታየውን ታላቅ ገደል ፈጠሩ። አደጋው የደረሰው ሠራተኞቹ የበጋውን በዓል ለማክበር ሥራ ባቆሙበት ጊዜ ስለ ነበር የሰው ሕይወት አልጠፋም። ማዕድኑ በ1992 ተዘግቶ፣ አካባቢው በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

የመዳብ ሥራ የአካባቢውን ቤቶች በሁለት መንገድ ነክቷል። አንደኛው መሬቱን ነው። ሂትኔስ የሚለው ስም ራሱ፣ ማቅለጫ የነበረበትና ወደ ውሃ ሾል ብሎ የገባ መሬት ማለት ነው፤ ሊላ ደግሞ ትንሽ ማለት ነው። ቤቱ የቆመው በአንድ አነስተኛ ወንዝ መታጠፊያ፣ ከማቅለጫ የተረፈ ዝቃጭ በተከመረበት ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለው መሬት ለአትክልተኛ የማይመች ቢሆንም ለመሠረት ግን ውሃ አያቁርም።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ከማዕድኑ ከተረፈው፣ ብረት ከበዛበት አፈር የሚገኘው ቀይ ዱቄት በውሃ፣ በእህል ዱቄትና በብረት ሰልፌት ይቀቀላል፤ በኋላም የተልባ ዘይት ይጨመርበት ጀመር። የስዊድን ገጠር ቤቶች የሚታወቁበት ቀይ ቀለም ይኸው ነው። ቀለሙ እንጨቱን እንደ ላስቲክ አይሸፍነውም። እርጥበት ቢገባ ተመልሶ እንዲወጣ ያሳልፋል፤ ሲያረጅም እንደ ዱቄት እየረገፈ ስለሚያልቅ በብሩሽ ጠርጎ እንደገና መቀባት ይበቃል። ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ይህ ቀለም መሠራቱን አላቆመም።

የሊላ ሂትኔስ ጥንታዊ ክፍል በ1837 የተሠራ ነው። አሠራሩም እንደ አገሩ ልማድ ከጥድ ግንድ ነበር። ግንዶቹ በአግድም ይደረደራሉ፤ ማዕዘን ላይ ጫፋቸው ተቦርቡሮ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዛፍና በድንጋይ ላይ በሚበቅለው ሽበት ይጠቀጠቃል። ከሁሉ በታች ያለው ግንድ በድንጋይ ካብ ላይ ያርፋል። ይህ የታችኛው ግንድ ለመሬት እርጥበት ቅርብ ስለሆነ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚበሰብሰው እሱ ነው። ቢበሰብስም ቤቱን በክሪክ ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ የተጐዳውን ግንድ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። እንዲያውም እንዲህ ያለው ቤት ግንዱ አንድ በአንድ ተቈጥሮና ምልክት ተደርጎበት ፈርሶ፣ በሌላ ቦታ እንደገና ይተከላል። አሮጌው ባለሙያ ቤቱን ሲሠራ የሚጠገንበትንም መንገድ አብሮ ሠርቷል ማለት ነው።

ባልና ሚስቱ

ቤቱን ለታሪክ ያበቁት ሠዓሊው ካርል ላርሶንና ሚስቱ ካሪን ቤርጎ ናቸው። ካርል በ1853 በስቶክሆልም የተወለደው እጅግ ድኻ ከሆነ ቤተሰብ ነው። ያደገው በአንድ ክፍል ከአንድ በላይ ቤተሰብ በሚታጐርበት፣ ብርሃን በማይገባበት፣ በሽታና ስካር በበዛበት ሠፈር ነበር። ከሞተ በኋላ በ1931 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ስለዚያ መኖሪያ የጻፈው በምሬት የተሞላ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ የድኾች ትምህርት ቤት መምህሩ ገፋፍቶት ወደ ሥነ ጥበብ አካዳሚው የመሰናዶ ክፍል ገባ። ስለዚህ ላርሶን በኋላ ስለ መስኮትና ስለ ብርሃን፣ ልጆች ስለሚሯሯጡበት ወለል ሲጨነቅ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። ክፉ ቤት ልጅን ምን እንደሚያደርግ በራሱ ያየ ሰው ነበር።

ካሪን በ1859 ተወልዳ በነጋዴ ቤት፣ በተሻለ ኑሮ ያደገች ናት። እሷም በስቶክሆልም አካዳሚ ሥዕል ተምራለች። ሁለቱ በፈረንሳይ አገር፣ ግሬ በተባለ የሠዓልያን መንደር ተገናኝተው በ1883 ተጋቡ። ስምንት ልጆችም ወለዱ። ካሪን ልጆች መውለድ ከጀመረች በኋላ የሸራ ሥዕል መሣሏን ተወች።

በ1888 የካሪን አባት አዶልፍ ቤርጎ፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ዘመዶቻቸው ይኖሩበት የነበረውን የሱንድቦርን ቤት ለልጃቸውና ለባሏ ሰጡ። በዚያን ጊዜ ካርል በዬተቦርይ ከተማ የሥዕል መምህር ነበር። የቤተሰቡ ኑሮም በከተማ ስለ ነበር ሊላ ሂትኔስ የበጋ ማረፊያ ሆነ። እስከ ፋሉን ባቡር ነበር፤ ከጌቭሌ ወደብ ወደ ፋሉን የሚወስደው ሐዲድ በ1859 ተከፍቷል። የገጠር ዕረፍት ቤት ታሪክ በየትም አገር ከባቡር ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። ሩቅ የነበረው የአያት መንደር በአንድ ቀን የሚደረስበት ሲሆን፣ ተረስቶ የነበረው ቤትም ዋጋ ያገኛል።

የዕድሳቱ አካሄድ

ባልና ሚስቱ ቤቱን ሲረከቡ ጠባብ ነበር። ክፍሎቹ ትንንሽ፣ ጣሪያቸው ዝቅተኛ፣ ቤተሰቡም እየበዛ የሚሄድ ነበር። በእጃቸው ያለው ገንዘብ ጥቂት በመሆኑ አሮጌውን አፍርሰው ትልቅ ቪላ ሊሠሩ አልቻሉም። ይህ የገንዘብ እጥረት ለቤቱ ጠቀመው። ሥራው በአንድ ወቅት ተጀምሮ በአንድ ወቅት አላለቀም፤ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ችግር ሲታይ ክፍል ይጨመራል፤ ገንዘብ ሲገኝ ሥራው ይቀጥላል፤ ሲያልቅ ይቆማል። በመጀመሪያ ለካርል የሥዕል ክፍል በቤቱ ላይ ተቀጠለ። በ1900 አካባቢ ከዚያ የሚበልጥ ሌላ የሥዕል ክፍል ሲሠራ የቀድሞው የቤተሰቡ የእጅ ሥራ ክፍል ሆነ። ከዓመታት በኋላም በአካባቢው ከነበረ አሮጌ የማዕድን ባለይዞታ ቤት አንድ ክፍል ተነቅሎ መጥቶ ከቤቱ ጋራ ተጋጠመ።

የሥራው አፈጻጸም ለባለሙያ ብዙ የሚያስተምር ነው። አዲስ የግንድ ግድግዳ እየደረቀ ሲሄድ ይሟሽሻል፤ በየአንዳንዱ ሜትር ቁመትም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አሮጌው ግድግዳ ግን ሃምሳ ዓመት ደርቆ ረግቷል። ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው ጋራ በምስማር አጥብቆ ያሰረ ሰው ሁለቱንም ይሰነጥቃል። የአገሩ አናጢ አዲሱ ክፍል ብቻውን ዝቅ እንዲል በመጋጠሚያው ላይ መንሸራተቻ ይተዋል፤ በመስኮትና በበር አናትም ክፍተት ይጠብቃል። ይህ ዕውቀት በመንደሩ አናጢዎች እጅ የነበረ ስለሆነ፣ ሥራውን ለመንደሩ ሰው መስጠት ከርካሽነቱ በላይ ለቤቱ ደኅንነትም ዋስትና ነበር።

የውስጡ ሥራ በአመዛኙ የካሪን ነው። የመመገቢያው ክፍል ሳንቃ በቀይና በአረንጓዴ ተቀባ። ከዘመድ የተወረሱና በርካሽ የተገዙ ያረጁ የእንጨት ዕቃዎች አልተጣሉም፤ ተጠግነው በነጭና በደማቅ ቀለም ታደሱ። በዘመኑ በሀብታም ቤት የተለመደው ከባድ መጋረጃ ተወግዶ በመስኮቱ ደፍ ላይ የአበባ ማሰሮ ተደረደረ። ካሪን የጠረጴዛና የአልጋ ልብሱን፣ የትራሱንና የግድግዳውን ጌጥ ራሷ ነድፋ ራሷ ሸመነች፤ ወንበርና መደርደሪያም ነድፋ በመንደሩ አናጢ አሠራች። ካርል ደግሞ በበሮችና በግድግዳ ሳንቃዎች ላይ የቤተሰቡን መልክ ሣለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የታሰበ ሥርዓት ነበር። የቤቱ ጥንታዊ አካል ሳይነካ ቆይቶ፣ የተለወጠው ብርሃኑ፣ ቀለሙና ቦታው የሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ቤቱ በሥዕልና በመጽሐፍ

በ1894 የበጋው ወራት ዝናብ በዝቶ ካርል ከቤት ወጥቶ መሣል አቃተው። በሰፊው እንደሚነገረው፣ ሥራ ፈትቶ ሲብሰከሰክ ያየችው ካሪን የቤቱን ክፍሎች እንዲሥል መከረችው። ከዚህ ምክር የተጀመሩት የውሃ ቀለም ሥዕሎች በ1897 በስቶክሆልም ታላቅ ኤግዚቢሽን ቀረቡ። በ1899ም ኤት ሄም፣ ማለትም አንድ ቤት፣ በሚል ስም በመጽሐፍ ታተሙ። በዚያው ዓመት ጸሐፊዋ ኤለን ኬይ ውበት ለሁሉ በተባለ መጽሐፏ ብርሃን ያለው፣ ንጹሕና ያልተወሳሰበ ቤት ለሠራተኛውም ሕዝብ የሚገባ መሆኑን ተከራከረች። በ1909 በጀርመን አገር የላርሶን ሥዕሎች በፀሐይ ውስጥ ያለ ቤት በሚል ርእስ በርካሽ ዋጋ ታትመው በብዙ ሺህ ተሸጡ። የአንድ መንደር ቤት ዕድሳት በዚህ መንገድ የአንድ አገር የቤት አሠራር ምሳሌ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሥዕሎቹ የማያሳዩት ነገር አለ። ከስምንቱ ልጆች አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ፤ ኡልፍ የተባለው የመጀመሪያ ወንድ ልጅም በ1905 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። ካርል ራሱ በከባድ ትካዜ የሚጠቃ ሰው ነበር። ፀሐይ የሚገባበት ቤት ሐዘን እንዳይገባበት አያግድም። ሌላው ያልታየው የካሪን ድርሻ ነው። መጽሐፎቹ የወጡት በባሏ ስም ብቻ በመሆኑ፣ ንድፉና ሽመናው የእሷ መሆኑን የውጭው ዓለም በሰፊው የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ1997 በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር በተከፈተው ኤግዚቢሽን የባልና የሚስቱ ስም ጐን ለጐን ቆሟል።

ቤተሰቡ በ1901 ኑሮውን ጠቅልሎ ወደ ሱንድቦርን ገባ። የበጋ ማረፊያ የነበረው ቤት ዓመቱን ሙሉ እሳት የሚነድበት መኖሪያ ሆነ። ካርል በ1919፣ ካሪን በ1928 ዐረፉ። ወራሾቹ ቤቱን አልሸጡም፤ ተከፋፍለውም አላፈረሱትም። በዘሮቻቸው ማኅበር ይዞታ ሥር ሆኖ ለጐብኚ ክፍት ተደረገ። መከፈል የማይችለውን ውርስ በጋራ ባለቤትነት መፍታት ከዚህ ቤት የሚገኝ አንድ ትምህርት ነው።

ከአንድ ቤት ወደ ብዙ ሺህ ቤቶች

የላርሶን ቤት በታወቀበት ዘመን የበጋ ማረፊያ ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ነገሩን የለወጠው ሕግ ነው። በስዊድን የ1938ቱ ሕግ ለሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጠ። ዕረፍቱ በ1951 ሦስት ሳምንት፣ በ1963 አራት ሳምንት፣ በ1978 አምስት ሳምንት ሆነ። በዚሁ ዘመን የገጠሩ ሕዝብ ወደ ፋብሪካ ከተሞች በመፍለሱ፣ ቶርፕ የተባሉት የጭሰኞች ትንንሽ ቤቶች በየጫካው ባዶ ቀሩ። በከተማ የሚሠራው ልጅ ዕረፍት አገኘ፤ በገጠር የሞተው አያት ቤት ተወ። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው የብዙ ሺህ ቤተሰብ የዕረፍት ቤት ተፈጠረ።

ችግሩ የመጣው በዕድሳቱ ነው። ወራሹ ቤቱን በፍቅር ተቀበለው፤ ግን በገበያው አዲስ ዕቃ አደሰው። የተቀረጸው በር በማሶኒት ተሸፈነ። የግንዱ ግድግዳ በውስጥ በኩል በላስቲክ ወረቀት ታሸገ። በውጭም በቀዩ ቀለም ላይ የፕላስቲክ ቀለም ተደረበ። የፕላስቲኩ ቀለም በሚረግፈው ዱቄት ላይ አጥብቆ ስለማይዝ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው የዝናብ ውሃ ደግሞ በሽፋኑ ታግዶ መውጫ ያጣል። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ የሚያበሰብሰው ፈንገስ እንደማይነሣ በሙያው የታወቀ ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ከቆየ ግን መቶ ዓመት የቆመ ግንድ በጥቂት ዓመት ይበሰብሳል።

ከዚህም የረቀቀው ስሕተት በወለሉ ሥር ነበር። በብዙ አሮጌ የስዊድን ቤቶች ከወለሉ በታች፣ የድንጋዩን ካብ ተጠግቶ በውስጥ በኩል የአፈር ድብ ይደረጋል። ድቡ የክረምቱን ብርድ ይከላከላል። ራሱ እንዳይረጥብ የሚያደርገው ግን ከላይ ያለው ኑሮ ነው፤ ከወለሉ የሚወርደው ሙቀትና ከምድጃው መሠረት የሚወጣው ግለት አፈሩን ያደርቁታል። ሰዎቹ በመኸር ቤቱን ቆልፈው ሲሄዱ እሳቱ ይጠፋል፤ አፈሩ እርጥበት ይስባል፤ ተጠግቶት ያለው የታችኛው ግንድም ይረጥባል። በበጋው መግቢያ ሙቅና እርጥብ አየር ወደ ቀዝቃዛው ወለል ሥር ሲገባ ውሃው በእንጨቱ ላይ ይጤዛል። ቤተሰቡ ሲመለስ የሚቀበለው የሻጋታ ሽታ ነው። ከዚህ በኋላ ወራሹ ሽታውን ለማጥፋት መተንፈሻዎቹን ሲደፍን ነገሩ ጭራሽ ይብሳል።

እንግዲህ በሱንድቦርንና በእነዚህ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የላርሶን ቤተሰብ ከዘመኑ ቀድሞ የእርጥበት ሳይንስ ያውቅ ስለ ነበር አይደለም። ሥራው የተሠራው ቤቱ በተሠራበት ዕቃና ቤቱን በሚያውቁት እጆች ነው። አዝጋሚ ስለ ነበረም አንዱ ጭማሪ ተፈትኖ ሳይታይ ሌላው አልተጀመረም። ከ1901 በኋላ ደግሞ እሳቱ ዓመቱን ሙሉ ነደደ። በኋላ የመጡት ወራሾች ግን ቤቱን በአንድ የዕረፍት ወር አድሰው ለመጨረስ ቸኰሉ፤ የእሳቱንም ሥራ የሚተካ ነገር ሳያዘጋጁ በሩን ቆለፉ።

በአገራችን ቤት ላይ ሲታይ

የስዊድን የቤት አሠራር ለኢትዮጵያ ባለሙያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ኮሌጅ የሆነው፣ የብዙ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች መፍለቂያ ነበር። ስለዚህ ከዚያ አገር የሚመጣውን ትምህርት ሳይገለብጡ መርምሮ መውሰድ ለማኅበሩ አባላት የቆየ ልማድ ነው። የግንድ ቤትና የጭቃ ቤት በዕቃቸው ቢለያዩም ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት እየረጠቡ በመድረቅ ነው።

ቋሚውን ተክሎ፣ ማገሩን አስሮ፣ ከጭድ ጋራ በቦካ ጭቃ የተመረገው ግድግዳ፣ ታዛው ሰፊ ሆኖ ከዝናብ እስከ ጠበቀውና እግሩ ከመሬት እርጥበት እስከ ራቀ ድረስ ረጅም ዕድሜ አለው። በውስጡ የሚነደው ምድጃ ለማብሰያ ብቻ አያገለግልም። ጢሱ በክዳኑና በወጋግራው ላይ ጥላሸት እየሆነ ይቀመጣል፤ ነቀዙንና ሌላውን ነፍሳት ያርቃል፤ ሙቀቱም ክዳኑን ያደርቃል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ የእማወራዋ እጅ ግድግዳውን ይለስናል፤ የተሰነጠቀውንም ያይለታል። እነዚህ ሁሉ የጥገና ሥራዎች ናቸው፤ ይሁንና ማንም ጥገና ብሎ ስለማይጠራቸው ወራሹ በሒሳቡ ውስጥ አያስገባቸውም።

አባትና እናት ካረፉ በኋላ ልጆች ቤቱን ለበዓል መሰብሰቢያ ሲያድሱት ብዙ ጊዜ የሚከተሉት መንገድ የታወቀ ነው። ክዳኑ በቆርቆሮ ይለወጣል፤ ታዛው ያጥራል፤ ምድጃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ወለሉ በኮንክሪት ይሞላል። ከዚያ ቁልፉ ለጐረቤት ተሰጥቶ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ሲሚንቶው ደረቅ ነው፤ ጭቃው ግን በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኰማተራል። ስለዚህ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፤ ከጀርባው ያለው ጭቃም ይሟሟል። ኮንክሪቱ ያገደው የመሬት እርጥበት መውጫ ፍለጋ ወደ ግድግዳው እግር ይሄዳል። ጢስ በሌለበት፣ ሰው በሌለበት ቤት ምስጥ ቋሚዎቹን ከውስጥ ይበላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ሲወድቅ፣ አባት በጭቃ የሠሩት ቤት አርባ ዓመት ቆሞ ልጆች በሲሚንቶ ያደሱት አምስት ዓመት አልቆመም እየተባለ ይታማል። ሐሜቱ በሲሚንቶ ላይ ይወድቃል፤ ጥፋቱ ግን የሲሚንቶ አይደለም። ቤቱ በምን ይኖር እንደ ነበር ሳይጠየቅ የታዘዘ መድኃኒት ነው።

ከሁለቱ አገሮች ተሞክሮ በመነሣት የውርስ ቤት ዕድሳት የሚጠየቅ ባለሙያ ሊከተለው የሚገባው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይታይ፤ ውሃ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ከውበቱ በፊት ጣሪያው፣ አሸንዳውና በግድግዳው ዙሪያ ያለው የውሃ መውረጃ ይስተካከል። ሦስተኛ፣ ልስንና ቀለም ግድግዳው ከተሠራበት ዕቃ ያልጠነከሩና እርጥበት የሚያሳልፉ ይሁኑ፤ ጭቃ በጭቃ ወይም በኖራ ይለሰን። አራተኛ፣ አዲስ ክፍል ካስፈለገ ከአሮጌው ጐን ራሱን ችሎ ይቁም፤ መጸዳጃና ወጥ ቤትን የመሰለ ውሃ የሚበዛበት ክፍል ወደ አዲሱ ይሂድ። አምስተኛ፣ ሰው በሌለበት ጊዜ የእሳቱን ሥራ የሚሠራ ነገር ይዘጋጅ፤ ይኸውም የማይዘጋ አየር ማስተላለፊያ፣ ለምስጥ መከላከያ የሚሆን የድንጋይ እግር፣ እንዲሁም በየወሩ በሩን ከፍቶ ቤቱን የሚያናፍስና የሚያጤስ ደመወዝተኛ ነው። ይህ የመጨረሻው በሥራ ዝርዝርና በዋጋ ሰነድ ውስጥ ገብቶ አይታወቅም። ይሁን እንጂ ከቆርቆሮው ይልቅ ቤቱን የሚያቆየው እሱ ነው።

ማጠቃለያ

የሱንድቦርን ቤት ታላቅ ሕንፃ አይደለም። በስፋቱም ሆነ በአሠራሩ በዘመኑ ከነበሩት የመንደሩ ቤቶች እምብዛም የሚለይ አልነበረም። ታሪክ ያደረገው፣ ቤቱን የተቀበሉት ሰዎች አስቀድመው የቤቱን ጠባይ ተቀብለው ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ፍላጐት መጨመራቸው ነው። በጨለማ ክፍል ያደገው ልጅ ለልጆቹ ብርሃን ያለበት ቤት አወረሰ፤ ሥዕሏን የተወችው ሚስቱም ሥዕሏን በሽመና ቀጠለች። ይህንንም ሁሉ የተሸከመው ከሃምሳ ዓመት በፊት ስማቸው ያልተጻፈ አናጢዎች የደረደሩት ግንድ ነው።

የውርስ ቤት የሚያድስ መሐንዲስ ሁለት አሠሪዎች አሉት። አንዱ ገንዘቡን የሚከፍለው ወራሽ ነው። ሁለተኛው በሕይወት የሌለው፣ ሊከራከር የማይችለው የመጀመሪያው ሠሪ ነው። የሁለተኛው ቃል በግድግዳው ውስጥ ስላለ፣ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ግድግዳው ሊመረመር ይገባል። ቤቱን ሲረከቡ ቁልፉን ብቻ የተረከቡ ወራሾች ብዙ ናቸው፤ ምድጃውንም አብሮ የተረከበ ቤተሰብ ግን ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ቤት አለው።